የአሥራ አንደኛው ረድፍ ቀበቶ

ጋሽ ቀበቶ አውሮፕላን የተሳፈረው በግድ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን መቀመጫ ቀበቶ ሲሰፋ ኖሮ አንድም ቀን በሰፋው ቀበቶ ታጥቆ አያውቅም። ለምን ሲሉት «ወጥ ሠሪ ወጥ አያምረውም» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ይፈራል። ሚስቱ ታውቃለች፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ የተደበቀ የሚመስለው ለእሱ ብቻ ነው።

ስምማ ነበረው። ነገር ግን ከስፌት ክፍሉ አንስቶ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ድረስ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ታክሲ ሲገባ ሹፌሩ ቀበቶውን ካላሰረ አይቀመጥም። የሰው መኪና ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀበቶውን ስቦ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተግ ፈተግ አድርጎ፣ «ይሄን የሰፋው ሰውዬ ያን ቀን እጁን አሞት ነበር» ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ አትቀመጥም?» ትለዋለች ሚስቱ። የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ዝም ስታሰኝ ኖራ እሱን ብቻ አቅቷታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከየአውሮፕላኑ የወለቁት ቀበቶዎች በትልልቅ ከረጢት ታጭቀው ይመጣሉ። ያረጀው ስፌት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፣ በመሣሪያ ይወጠራል፣ በመጨረሻም ጫፉ ላይ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ቀኑና የሰፊው ቁጥር ይታተማል። የእሱ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ማኅተም ከባለቤቱ እጅ አይወጣም ይላል ደንቡ። ደንቡማ ምን የማይለው አለ! አለቃቸው ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር በቀን ሃያ አምስት ቀበቶ ይፈልጋል፤ የአንዱ ቁጥር ጎሎ ከተገኘ ሰኞ ጠዋት የሚወርደው እርግማን ለሁሉም ሰፊዎች ይበቃል። ስለዚህ ሰፊዎቹ መላ ዘየዱ። የሚቀር ሰው ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ትቶ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ የራሱንም የእሱንም ሰፍቶ በሁለቱም ያትማል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ጋሽ ቀበቶም «ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያመጣል» እያለ ሲያማርር ይኖራል እንጂ፣ ተራው ሲደርስ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ወርወር አድርጎ ይወጣል።

ጎረቤቱ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁጥር ዘጠኝ። ፈጣኑ ነው የሚሉት። ጋሽ ቀበቶ አንዱን ሳይጨርስ እሱ ሁለት ሰፍቶ ስለ ኳስ ያወራል። ጋሽ ቀበቶ ባየው ቁጥር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለዋል። ፈጣኑም ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ «እኔ ተቀምጬ ነው የምሰፋው፣ ጋሼ» ይላል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲህ ሲነታረኩ ኖሩ።

የሚስቱ ነገር ነው ሁሉንም ያመጣው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀኟ ነበር ተማሪ የምታርመው፣ መንገድ የምትሻገረው፣ የእሱን ፊት እያየች «ዛሬ ደግሞ ማን አናደደህ?» የምትለው። ባለፉት ወራት በዚያችው በቀኟ ዓይን ጥቁር ነጠብጣብ ይዋኝባት ጀመር። ጋሽ ቀበቶ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ትቶ ሐኪም ዘንድ ይዟት ሄደ። ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ዋሉ። ሐኪሙ በመጨረሻ «ከዓይንዎ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተሰንጥቋል፤ ገና አልተላቀቀም። ከተላቀቀ ግን ይቺም ትሄዳለች» አላት። ቀዶ ጥገናው ያለው ሌላ ከተማ ነው። ወረፋ ተያዘላት። «እስከዚያ ድረስ ራስዎ እንዳይናጥ ይጠንቀቁ። ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረብዎ ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ወዲያው ይድረሱ።»

«በአውቶቡስ አሥራ አራት ሰዓት ነው» አለ ጋሽ ቀበቶ።

«አውቶቡስማ አይታሰብም! ያ መንገድ እንኳን የታመመ ዓይን ጤነኛ ጥርስ ያወልቃል። በአውሮፕላን ይውሰዷቸው። አንድ ሰዓት ነው፤ ምንጣፍ ላይ እንደመቀመጥ ማለት ነው።»

ምንጣፍ! ጋሽ ቀበቶ ይቺን ቃል ለሦስት ሳምንት አኘካት። ሌሊት ተነስቶ ይቀመጣል፣ ሚስቱ «ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች፣ «ምንጣፍ አለ እኮ!» ይላል። ምንጣፍ ከሆነ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቀበቶ የሰፋሁት ለምንድነው? ሰውን ከምንጣፍ ጋር ላስር ነው?

በበረራው ቀን አውሮፕላኑን ሲያየው ልቡ ክው አለ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ወንበር ያለው፣ በክንፎቹ ላይ ውልብልቢት የሚሽከረከርበት ትንሽ አውሮፕላን ነበር። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ እሷ በመስኮቱ፣ እሱ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጡ። የራሱን ቀበቶ ገለበጠና አየ፤ የቁጥር ስድስት ስፌት ነው፣ ደህና ነው። የእሷን ሊያይ ሲያጎነብስ አስተናጋጇ መጣች። «ጋሼ፣ ልንነሳ ነው፣ ቀና ይበሉልኝ።» ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ ሞከረው፤ ያዘ። ቁጥሩ የተጻፈባት ጨርቅ ግን ከግድግዳውና ከወንበሩ መካከል ተሰንቅራ አልታይ አለችው።

ተነሱ። እውነትም ምንጣፍ ሆነ፤ ይሄ ራሱ አናደደው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አብራሪው በድምፅ ማጉያው «መንገዳችን ንጹህ ነው» አለ፣ የቀበቶው ምልክት ጠፋ፣ ሰዉ ሁሉ ቀበቶውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይፈታ ጀመር። ጋሽ ቀበቶ ያን ድምፅ ሲሰማ ጥርሱን የነቀሉት ያህል ተሰማው። ከፊት ያለውን ሰውዬ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ወንድሜ፣ ባይፈቱት ጥሩ ነው» አለው። ሰውዬው ዘወር ብሎ አየውና ጋዜጣውን ዘረጋ።

«አንተ፣ የሰው አገር ዳኛ ማን አደረገህ?» አለች ሚስቱ።

«የማይሰማ ሕዝብ!»

«ታዲያ እኔ አስሬያለሁ፣ አንተ አስረሃል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ሊፈልግ የማይገባውን ፈለገ። ያቺ ቁጥር ከነከነችው። ማየት አለበት። መነጽሩን አደረገ፣ የስልኩን መብራት አበራ፣ በሚስቱ ጭን ላይ ተሻግሮ አጎነበሰና አንገቱን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ። አየው። አሥራ አራት። የገዛ ቁጥሩ! ደስታው ግን አፉ ላይ ሳይደርስ ቀኑን አነበበ። ያን ቀን እሱ አልሰፋም። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ የሚስቱን ቦርሳ ታቅፎ ተቀምጦ ነበር።

«ፈጣኑ!» አለ፣ ወንበር ሥር እንዳለ።

«ምን ሆንክ?»

«የእኔ ቁጥር ነው፤ እኔ ግን አልሰፋሁትም።»

«ይዞኛል እኮ፣ ተወው።»

«ጉድ የሚሠራው ያዘኝ ያልሽው ነው!» አላት። ከስፌቱ ጫፍ ደግሞ ክር ወጥቶ አየ፤ የጣት ስፋት የምታህል ክር። በቃ፣ ደሙ ፈላ። ሃያ ዓመት ያልኩት ይሄ አይደል? ኳስ እያወራ የሰፋው ይሄ አይደል?

ሌላ ሰው ቢሆን የሚችለው ዘለበቱን መፍታት ብቻ ነበር፤ መልሶ ለመቆለፍም አንድ አፍታ ይበቃዋል። ጋሽ ቀበቶ ግን ባለሙያ ነው፣ ምን ያድርግ! ዘለበቱን ፈታ፤ ቀጥሎ የቀበቶውን ሥር ከወንበሩ ብረት ጋር የሚያያይዘውን መንጠቆ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አድርጎ አወለቀው። ይሄን ዘዴ ከመቶ ተሳፋሪ አንዱ አያውቀውም። ቀበቶውን ጭኑ ላይ አኑሮ፣ ስፌቱን መብራት ላይ ዘርግቶ፣ መቁጠር ጀመረ።

«መልሰው» አለች ሚስቱ።

«አንድ ደቂቃ።»

«አሁን መልሰው። ደመና ውስጥ እየገባን ነው።»

እውነቷን ነበር። ያ ጥርት ያለ ሰማይ የት እንደገባ እንጃ፤ መስኮቱ ላይ የከሰል ጭስ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። «አንድ ደቂቃ አልኩሽ እኮ» ሲል፣ የአውሮፕላኑ ወለል ከእግራቸው ሥር ጠፋ።

ወደቁ። ይሄ ሌላ ቃል የለውም። የሻይ ኩባያ ጣሪያውን መታ፣ ጋዜጣው በረረ፣ ያልታሰረው ባለ ጋዜጣ ከወንበሩ ተነስቶ ራሱን ከላይኛው ሣጥን ጋር አላተመ። አስተናጋጇ መተላለፊያው ላይ በደረቷ ተኝታ የወንበር እግር ጨበጠች። የጋሽ ቀበቶ ሚስትም ወደ ላይ ተነሳች። እጁን ወርውሮ ወገቧን አገኘ፤ ጎትቶ ወደ ራሱ ጣላት፣ ራሷን አገጩ ሥር ወሸቀ፣ ሁለት እጁን ጀርባዋ ላይ አቆላለፈ። እሱ ታስሯል። እሷ የታሰረችው በእሱ እጅ ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ነጎድጓዱ ጆሮ ሳይሆን ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ሰው ይጮኻል፣ ሰው ይጸልያል፣ አንዱ እናቱን ይጠራል። ጋሽ ቀበቶ ግን ይሰድባል። ማንን? ሐኪሙን ከነምንጣፉ፣ አለቃውን ከነሃያ አምስት ቀበቶው፣ ፈጣኑን፣ ደመናውን፣ ከሁሉም በላይ የገዛ እጁን። መንጠቆው እግሩ ሥር ከወዲያ ወዲህ ይንኳኳል፤ ሊያነሳው ቢል አንድ እጅ መልቀቅ ሊኖርበት ነው። አለቀቀም። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቋ ብሎ ጮኸ፣ ያን ጊዜም አለቀቀም።

መስኮቱ በብርሃን ተጥለቀለቀ። ሚስቱ ደረቱ ውስጥ ሆና «አየኸው?» አለች።

«ምኑን?»

«ብልጭታውን! ከውጭ ነው ከዓይኔ?»

ሐኪሙ ያለው ትዝ አለው። ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረብዎ።

«ከውጭ ነው፣ አይቼዋለሁ!»

እንደገና በራ። «አሁንስ?»

«አይቼዋለሁ! መብረቅ ነው!»

እንዲህ እያሉ ነበር የወጡት። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ይመልሳል። ስድስት ደቂቃ ነው ተባለ በኋላ። ለማን ነው ስድስት ደቂቃ የሆነው? ለሰዓቱ ይሆናላ።

ከዚያ ልክ በር እንደተዘጋ ሁሉ ጸጥ አለ። ፀሐይ ወጣች። ሰማዩ ምንም እንዳላጠፋ ልጅ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰዉ አለቀሰ፣ ተቃቀፈ፣ ባለ ጋዜጣው ግንባሩን በፎጣ ይዞ በሌላ እጁ ቀበቶውን አጠበቀ። ጋሽ ቀበቶም በደህናው እጁ መንጠቆውን አንስቶ ለሚስቱ ቀበቶውን መለሰላት።

«አሁንስ አየኸው?» አለች።

ውጭ ብርሃን ብቻ ነው። አንድ ብጣሽ ደመና የለም።

«አዎ» አላት። «አየሁት።»

መንጠቆውን መልሶ ከማያያዙ በፊት ስፌቱን አይቶት ነበር። ማየት ብቻም አይደለም፣ ሁለቱን ጫፍ በእጁና በጉልበቱ ወጥሮ፣ ባለው ጉልበት ጎትቶታል። ንቅንቅ አላለም። ደንቡ ሁለት ጊዜ መልሱ የሚለውን ሦስት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ያቺ ክር የመጨረሻው ቋጠሮ ትርፍ ናት። እሱ ራሱ በጤናው ቀን እንዲህ አድርጎ አይሰፋም። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ የተበላሸ ነገር ቢኖር የእሱ ጠባይ ብቻ ነበር፣ ይህን ሲያውቅ አፉ ውስጥ ሬት ሬት አለው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ሆስፒታል ሄዱ። ቀጠሮዋ ለማግስቱ ጠዋት ነበር። ነርሷ ሚስቱን ወደ ውስጥ ስታስገባ ጋሽ ቀበቶ ሐኪሟን በር ላይ ያዛትና «የመጨረሻዋን ብልጭታ እኔ አላየኋትም። ለእሷ አይቻለሁ ብያታለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር» አላት። ሐኪሟ ትክ ብላ አይታው ገባች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጥታ «ዛሬውኑ እንሠራላታለን፤ ነገን አንጠብቅም» አለች። የእሱንም ትከሻ አሰረችለትና እጁን አንገቱ ላይ አንጠለጠለችው።

ሚስቱ ውስጥ ሳለች ጋሽ ቀበቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ማን ላይ ልጩኽ እያለ አሰበ። ፈጣኑ ጋ ደወለ።

«ሚስቴን ሐኪም ቤት የወሰድኩ ቀን በእኔ ማኅተም የሰፋኸው ቀበቶ አለ።»

«ምነው? ተበጠሰ?» የፈጣኑ ድምፅ ደነገጠ።

«አልተበጠሰም። ክር ወጥቶበታል።»

«ኤዲያ! ልቤን አፈሰስከው እኮ! ትርፍ ክር ነው ጋሼ፣ መቀሱ አልደርስበት ብሎኝ ነው የተውኩት። በአንተ ቁጥር ስሰፋ ሦስት ጊዜ ነው የምመላለስበት።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ክር የወጣበት ካየህ ዓመት ሙሉ ልትነዘንዘኝ አይደል? ለራሴ ብዬ ነው!» ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን አቆመ። «ደግሞስ ሰው ባመነህ ማኅተም ይቀለዳል እንዴ? መምህሯ እንዴት ናት?»

ጋሽ ቀበቶን ሃያ ዓመት ያልተለየችው ተረት እንኳ ጠፋችበት። «አሁን እየሠሯት ነው» አለ እንደምንም። «ማኅተሜን ከመሳቢያው አውጣና ለአለቃው ስጠው። እኔ ስመለስ ራሴ እነግረዋለሁ፤ የእኔን ነው የምነግረው፣ የአንተን አላነሳም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ቀበቶው ጥሩ ነው» አለና ዘጋው።

ሐኪሟ ስትወጣ መሽቶ አልነበረም። «ለጥቂት ነው» አለች። ሽፋኑ ከዳር በኩል መላቀቅ ጀምሮ ነበር፣ መሐሉ ሳይነካ ደረሱበት። «ነገን ብንጠብቅ ኖሮ እኔ ምንም አላደርግላትም ነበር። ራሷ ቢመታ ኖሮ ደግሞ እዚህም አትደርስም ነበር።» ጋሽ ቀበቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ማልቀስ አሰኘው፤ መልሶ ደግሞ ተናደደ፣ ምክንያቱም ራሷ እንዲናጥ ያደረገው እሱ፣ ያዳናትም እሱ፤ ለየትኛው እንደሚያለቅስ አልገባውም። ሐኪሟ ቀጠለች፦ «ዓይኗ ውስጥ ሽፋኑን ደግፎ የሚይዝ ጋዝ ሞልተናል። ያ እስኪጠፋ አውሮፕላን ክልክል ነው። ሲደርቅላት በአውቶቡስ ትመለሳላችሁ።»

«በአውቶቡስ?»

«በአውቶቡስ።»

«አሥራ አራት ሰዓት?»

«ያን ጊዜ ተጣብቆ ይሆናል፣ ችግር የለም።»

ወይ ጉድ! አለ ጋሽ ቀበቶ ለግድግዳው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተሳፈሩ። ትከሻው ድኗል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ቀድሞ ያውቃል። ሚስቱ ጥቁር መነጽር አድርጋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ጋሽ ቀበቶ ከልማዱ እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ፤ ወዲህ ፈለገ፣ ወዲያ ፈለገ፤ ባዶ ብረት።

«የለውም» አለ። «ይሄ አውቶቡስ ቀበቶ የለውም! አሥራ አራት ሰዓት ሰው ጭኖ...»

«አንተ ሰውዬ።»

«ሹፌሩን ላናግረው።»

«ተቀመጥ አልኩህ።» ተቀመጠ። መኪናው ጉድጓዱን እየቆጠረ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ደመና ጠቆረ፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድብ ጀመር። ጋሽ ቀበቶ ወንበሩን ጨብጦ ጉልበቱን እያየ ነበር።

«ያን ቀን መጨረሻ ላይ ዋሽተኸኛል አይደል?» አለች ሚስቱ።

«አዎ» አላት። «ቀበቶሽንም ያለ ጥፋቱ ነው የፈታሁት። ደህና ነበር።»

«አውቃለሁ። ስትጎትተው አይቼሃለሁ።»

ተራራው ጫፍ ላይ ሰማዩ ለሁለት ተተረተረና ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ሚስቱ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ ገና ቀይ ነው፣ በመስኮቱ ግን አፍጥጣ ታያለች።

«አየኸው?» አለች።

እሱ መስኮቱን አላየም፤ የሚያየው እሷን ነበር። ከውጭ የመጣው መብረቅ ዓይኗ ውስጥ ሲያንጸባርቅ ነው ያየው።

«አየሁት» አለ። «እውነቴን ነው።»

«እኔም አየሁት» አለች። ከዚያ ታምሞ የነበረውን ትከሻውን ሳትነካ ደህናውን እጁን አነሳችና በወገቧ ላይ አዞረችው፤ አውቶቡሱም ወደ ቁልቁለቱ ወረደ።